ለአንቺ ብቻ የተሸመነ

«ይሄን ጥለት ካንቺ በቀር በምድር ላይ የምትለብሰው ሙሽራ የለችም፤ በጌታ ፊት ነው የምነግርሽ» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሀል ሰክተው፣ በሁለት እጃቸው ያንኑ ጥለት ለሌላ ሙሽራ እያጣጠፉ። ከጀርባ ባለው ክፍል እግራቸውን ወደ ሽመናው ጉድጓድ የሰደዱት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ጌጡ ሰሙ። መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ላኩት፣ ከግራ ወደ ቀኝ መለሱት። የሟች ወንድማቸው ልጅ ቤዛብሕም ከኮምፒውተሩ ሳይነሣ ሰማ፤ እሱም አንገቱን ደፋ። በዚያ ቤት ኪራይ የሚከፈለው በዝምታ ነው፤ ቤዛብሕ ደግሞ ውዝፍ የሌለበት ተከራይ ነበር።

ቤቱ ሽሮ ሜዳ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከፊት «ብርቅ የባህል አልባሳት» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ሱቅ አለ። ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት ወርቅማ ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ከኋላዋ ያለው መስታወት ሙሽሮች ራሳቸውን ከቁመታቸው ዘለግ አድርገው እንዲያዩ ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ ተተክሏል። ከሱቁ ኋላ የሽመናው ክፍል፣ በክፍሉ ጥግ፣ በክር ጥቅልሎች መሀል፣ አንዲት ጠረጴዛ አለች። ያቺ ጠረጴዛ የድርጅቱ የአይቲ ክፍል ናት። ቤዛብሕ ክፍለ ሀገር ካለ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ሲያፈላልግ ክረምት ከበጋ ሲያልፍበት አክስቱ ወደ ቤታቸው አስገቡት፤ ማስገባታቸውንም ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ በየተራ ነገሩ። «የአይቲ ክፍል ኃላፊ» የሚል ቢዝነስ ካርድም አሳተሙለት። ደመወዙ ከካርዱ ጋር አብሮ ሊመጣ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄንን እሳቸውም ደጋግመው ይናገራሉ። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ዓርብ ዓርብ የሴቶች ጸሎት ይመራሉ። ደንበኛዋ «በማርያም» ካለች «እመብርሃን ትከተልሽ» ይላሉ፤ «ኢንሻአላህ» ካለች እሳቸውም ኢንሻአላህ ይላሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ለማንም አይለዋወጡም፦ ማንኛዋም ሙሽራ የምትለብሰው ለእሷ ብቻ የተሸመነ ነው። «ዋጋው በዛ» ያለች እንደሆነ «የኔ ቆንጆ፣ ሌላ ሰው የማይለብሰው ነገር እኮ ነው፤ ቀሚስ ቀሚሱንማ መርካቶም ታገኚዋለሽ» ይሏታል። ሙሽራዋ እናቷን ታያለች፣ እናቷ መስታወቱን ታያለች፣ ከፍለው ይወጣሉ። ሌላዋ ሙሽራ በሩ ላይ ከወጪዎቹ ጋር ተቃቅፋ ሰላም እየተባባለች ትገባለች።

የዘንድሮው ጥለት ግን የሱቁ አልነበረም። ጋሽ ጌጡ ለአንድ ልጃቸው ለፀጋ የሠርግ ቀሚስ ክረምቱን ሙሉ፣ የሰው ሥራ ካበቃ በኋላ፣ ለብቻቸው ሲሠሩት የከረሙት ነው። ፀጋ ሕፃን ሳለች እግሯ ደካማ ነበርና የቁስቋምን ዳገት በትከሻቸው ተሸክመዋት ነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሷት። ያንን ዳገት፣ ጠመዝማዛውን፣ ዳርና ዳሩ ያለውን ባሕር ዛፍ፣ ዝናብ ሲመታው የሚቀላውን አፈር በክር ጻፉት። ልጅቷ ገና ስትታጭ «ይሄንን መንገድ ካንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሌላ ሰው አይለብሰውም» ብለዋታል። ጋሽ ጌጡ ቃል የማብዛት ልማድ ስለሌላቸው ፀጋ ይቺን ቃል ይዛ ነው የሰነበተችው። ታዲያ አንድ ቀን ወይዘሮ ዓለምነሽ ስልካቸውን ይዘው ገቡና ለማስታወሻ ብለው ፎቶ አነሱት። ብዙም ሳይቆይ ጥለቱ «የንግሥቲቱ ጉዞ» ተብሎ ተሸጠ፣ ቀጨኔ ላሉ ሌሎች ሸማኔዎችም ታደለ፣ ጥር ሊገባ ሲል ግማሽ ከተማው ያዘዘው ሆነ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የፀጋ ነው» አሏቸው ጋሽ ጌጡ ያኔ።

«የፀጋማ የፀጋ ነው። ማን ወሰደባት? ጥለት ሲያዩት አያልቅ።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ጋሽ ጌጡ ሞኝ ባይሆኑም ከእህታቸው ጋር የሚከራከሩበት ጉልበት አልነበራቸውም፤ ቤቱም፣ ጉድጓዱም የእህታቸው ነው። እናም አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ወይዘሮ ዓለምነሽንም፣ ቤዛብሕንም። ፀጋ እንዳታውቅ። ልጅቷ የምትሠራው ጳውሎስ ፋርማሲ ውስጥ ነው፣ ሱቁ ድረስ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው፣ ሳታውቅ ታግባ። ከሠርጉ በኋላ ብታይም ያን ጊዜ ለብሳዋለች፣ ደስታዋን ማንም መልሶ አያወልቅባትም። ቤዛብሕ «እሺ ጋሼ» አለ፤ ከልቡ ነበር ያለው። ወይዘሮ ዓለምነሽም እሺ አሉ፤ እሳቸው እሺ ማለት አይከብዳቸውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የምስክር ወረቀቱ ነገር የመጣው። ሙሽሮች ቴሌግራም ላይ እየተያዩ መጠራጠር ጀምረው ነበር፤ አንዷ «የጓደኛዬ ቀሚስ የኔን ይመስላል» ብላ ደውላለች። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ጥለት ይጨምራል። ወይዘሮ ዓለምነሽ ግን በቅርቡ የአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና ወስደው ነበርና ማኅተም ጨመሩ። «የብቸኛ ባለቤትነት ምስክር ወረቀት» የሚል፣ ዙሪያውን ሐረግ የተሳለበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ ከታች «ይህ ጥለት ከላይ ስማቸው ለተገለጸው ሙሽራ ብቻ የተሠራ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ወረቀት። መሀሉ ላይ የጥለቱ ፎቶ አለ። ቤዛብሕ የየሙሽራዋን ቀሚስ ለየብቻ ፎቶ ላንሣ ብሎ ነበር፤ አክስቱ «አንድ ዓይነት ነገር ደጋግመህ ለምን ታነሳለህ?» አሉት። አሠልጣኙ ትልልቅ ድርጅቶች ከደንበኛ ጋር የሚጻጻፉት በኢሜይል ነው ስላላቸው የምስክር ወረቀቱ በኢሜይል ይሄዳል፤ በእጅ አንድ በአንድ ሳይሆን በሲስተም። «ሲስተም እያስገባሁ ነው» ብለው ለዓርቡ የጸሎት ኅብረት አስቀድመው ስላወሩ ሲስተም መግባት ነበረበት።

ቤዛብሕ ኮዱን በፍቅር ነው የጻፈው፤ ከተመረቀ ወዲህ የተማረውን የጠየቀው ሰው አልነበረማ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ አንድ ሰው ፖስታ ይዞ ቢቀመጥ ከሚሠራው አይለይም። ከዝርዝሩ አንዲት ሙሽራ ይጠራል፣ ስሟን ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ከኢሜይሉ ጋር አባሪ ያደርጋል፣ ይልካል፣ ወደሚቀጥለዋ ይሄዳል። ለሙከራ ለራሱ ላከ። «ወ/ሪት ቤዛብሕ» የሚል ምስክር ወረቀት፣ ማኅተሙ ደምቆ፣ ስልኩ ላይ ደረሰው። ለሁለት ሰው ልሞክረው ቢል ወይዘሮ ዓለምነሽ «የደረሰ ነገር ደረሰ ነው፤ ማኅተም ለጨዋታ አይበተንም» አሉና ከለከሉት። ላክ ከመባሉ በፊት ግን ልባቸው በደግነት ተነካና «ቆይ፣ ፀጋንም ጨምራት። የወንድሜ ልጅ ያለ ምስክር ወረቀት ታግባ እንዴ?» አሉ። ቤዛብሕ አሰበበት። አንዲት ወረቀት፣ የራሷ ስም ያለባት፤ ምን ክፉ አለው? እንዲያውም ቃሉን ያጸናላታል። ስሟን ከሁሉ መጨረሻ አስገባ።

በዚያ ቤት አዲስ ነገር ሳይጸለይበት አይነካም። ማቀዝቀዣው ተጸልዮበታል፣ የልብስ ስፌት መኪናው ተጸልዮበታል፣ በአንድ ወቅት ጄኔሬተሩም ተጸልዮበት ነበር፤ እሱ በሁለተኛው ሳምንት ተቃጠለ። ጋሽ ጌጡ ከጉድጓዱ ተጠሩ፣ ጎረቤት ያሉ ልብስ ሰፊዎች መጡ፣ ሁሉም ላፕቶፑን ከበው እጃቸውን ጫኑ። ወይዘሮ ዓለምነሽ የቤዛብሕን እጅ ከቁልፉ በላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ቤቱ ጸለዩ፣ ስለ ጉለሌ ጸለዩ፣ ስለ ኔትወርክ ጸለዩ፣ በስም ሳይጠሩ ስለ ምቀኛ ጎረቤትም ጸለዩ። ቤዛብሕ ዓይኑን መጨፈን አልቻለም፤ ኮዱ ፊቱ ተከፍቶ ነበርና አነበበው። ያን ጊዜ ነው ያየው። ለእያንዳንዷ ሙሽራ አዲስ ፖስታ መክፈት ሲገባው ፖስታውን የከፈተው አንዴ፣ ከላይ፣ ዝርዝሩ ሳይጀመር ነው። አድራሻው ይቀየራል፣ ስሙ ይቀየራል፤ ውስጥ የገባው ወረቀት ግን አይወጣም። ለመጀመሪያዋ አንድ፣ ለሁለተኛዋ የመጀመሪያዋ ተጨምሮ ሁለት፣ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። ለአንድ ሰው ሲሞክረው ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ ልክ ነበር።

«እትዬ» አለ በሹክሹክታ።

«አዎ ጌታ ሆይ» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ መንፈስ የነካው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ።

«እትዬ፣ አንዴ...»

ጸሎት አይቋረጥም። ሰው ሲጸልይ ማቋረጥ በዚያ ቤት የሚኖር ልጅ የሚደፍረው ነገር አይደለም፤ ቤት ሲቃጠል እንኳ አሜን እስኪባል የሚጠበቅ ይመስለዋል። ቤዛብሕ እጁን ሊያወጣ ሞከረ፤ አክስቱ ጭራሽ አጠበቁት። ሁሉም በአንድ ላይ «አሜን» ሲሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ በእሱ ጣት ቁልፉን ተጫኑ። ሌላ ቀን አንዲት ፎቶ ለመላክ እስከ ምሳ ሰዓት የሚያስጠብቀው ኔትወርክ ያን ቀን ታምር ሠራ። «ተልኳል፣ ተልኳል፣ ተልኳል» እያለ ስክሪኑ ሞላ። ቤዛብሕ የኢንተርኔቱን ገመድ ሊነቅል ሲደርስ የመጨረሻዋ ስም ላይ ደርሶ ነበር።

መጀመሪያ የደወለችው የዝርዝሩ መጀመሪያ ኢየሩ ናት። እሷ የደረሳት የራሷ ብቻ ነበርና አለቀሰች፤ በሕይወቷ እንዲህ ያከበራት ሰው እንደሌለ ተናገረች። ወይዘሮ ዓለምነሽ ስልኩን ዘግተው ለቤዛብሕ «አየህ፣ ጸሎት ማለት ይሄ ነው» አሉት። እሱ ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ስልኩ እንደገና ጠራ። ሁለተኛዋ ሙሽራ ትሕትና ነበራት፦ «ይቅርታ፣ ኢየሩ የምትባል ሰው ወረቀት በስሕተት አብሮ መጥቶልኛል፤ ለሷ ይድረሳት ብዬ ነው።» ከዚያ በኋላ የደወሉት ትሕትናቸው እየቀነሰ፣ ወረቀታቸው እየበዛ መጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ለማደር ጊዜ አልወሰደም። ወደ መሀሉ ያለችው ቦንቱ የሕግ ባለሙያ ናት፤ ሰላምታ ሳታስቀድም «ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ እነዚህ ሁሉ ብቸኛ ባለቤቶች እነማን ናቸው?» አለቻቸው።

«የሲስተም ችግር ነው የኔ ቆንጆ።»

«ማኅተሙም የሲስተም ነው?»

«ሁሉም የሲስተም ነው፤ ልጆቹ እያስተካከሉት ነው» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ። ልጆቹ ቤዛብሕ ነበር። ከምሳ በኋላ ሙሽሮቹ ከየወረቀቱ ላይ ስም ለስም ተፈላልገው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ፤ ስሙንም «የብቸኛ ባለቤቶች ኅብረት» አሉት። ወይዘሮ ዓለምነሽ ቤዛብሕን «መልሰው» አሉት። አይመለስም አላቸው። «እንዴት አይመለስም? ገና አሁን እኮ ነው የላክነው» አሉ፤ ታክሲ ሳይርቅ ተሯሩጦ እንደሚያዝ ሁሉ። ቀጥለውም አባሪ በበዛ ቁጥር ክብር እንደሚጨምር ለሙሽሮቹ እንዴት እንደሚያስረዱ ማሰብ ጀመሩ። ጥለቱ ግን የማን እንደነበር አንዴም አላነሱም፤ ትዝ ያላቸውም አይመስልም።

ቤዛብሕ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብሎ ቁጢጥ አለ። ጋሽ ጌጡ የፊት ለፊቱን ጫጫታ ሲሰሙ ውለዋል፤ እጃቸው ግን አላረፈም።

«ፀጋም አለችበት?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እትዬ ጨምራት ብለውኝ... የመጨረሻዋ ናት ጋሼ።»

«የመጨረሻ ማለት?»

«ሁሉም የደረሳት ማለት ነው።»

መወርወሪያው ቆመ። ቤዛብሕ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጋሽ ጌጡ ግን ከመሬት የወደቀ የክር ጫፍ አንስተው በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ደግመው ጠቀለሉት።  ይሄ ሰው ከዚህ ቤት የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም አባሪ አድርገው ላኩበት። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ለፀጋ ደወለላት፣ አላነሳችም፤ ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድላትም። ይሄ ተስፋ ሰጠው። ሁለት ታክሲ ቀያይሮ ጳውሎስ እስኪደርስ መንገድ ላይ ከአክስቱ የማያንስ ውሸት ሲያሰናዳ ቆየ፦ ኢሜይልሽ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ስልክሽን አንዴ ስጪኝ፣ ላጽዳልሽ። በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ እያየ ሲለማመደው ረዳቱ «ሒሳብ ወንድም» አለው ሁለተኛ ጊዜ። ፋርማሲው እንደ ወትሮው ተጨናንቋል፤ አስታማሚዎች የመድኃኒት ማዘዣ ከፍ አድርገው ይዘው ይጋፋሉ፣ አንዲት ሴትዮ የመድኃኒቱን ዋጋ ሰምታ «ግማሹን ብቻ ስጪኝ» ትላለች። ፀጋ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከመስታወቱ ኋላ ቆማለች። ለሴትዮዋ ግማሹን ቆጥራ፣ ስንቴ እንደሚወሰድ ጽፋ፣ ቀስ ብላ አስረድታ ከሸኘች በኋላ ነው ወደ እሱ የዞረችው።

«ፀጊ፣ ኢሜይልሽ ቫይረስ...»

«ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉንም ከፈትኳቸው» አለች። «የኔን መጨረሻ ላይ አገኘሁት።»

ቤዛብሕ ያሰናዳው ውሸት እዚያው ቀረ። «አባትሽ አያውቁም ነበር» ሊል ፈለገ፤ እሱም ውሸት ነበር። ከኋላው ያለ ሰውዬ «ወረፋ ላይ ነህ ወይስ ጨዋታ ላይ?» አለው። ፀጋ «ስጨርስ እመጣለሁ» አለችና ከሰውዬው እጅ ማዘዣውን ተቀበለች።

አመሻሹ ላይ ስትመጣ ወይዘሮ ዓለምነሽ ሱቁ ውስጥ አሁንም ስልክ ላይ ነበሩ፤ በእጃቸው ሰላም አሏት፣ ከንፈራቸውን በአየር ላይ አስነክተው ሳሟት፣ «ወረቀትሽ ደረሰሽ አይደል?» ብለው መልሱን ሳይጠብቁ ስልክ ላይ ወዳለችው ሙሽራ ተመለሱ። ፀጋ አልፋ ገባች፤ ከጉድጓዱ አፋፍ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ስልኳን ከፍታ በጣቷ እያሳለፈች አሳየቻቸው። ያው ዳገት፣ ያው ጠመዝማዛ፣ ከላዩ ኢየሩ፤ ያው ዳገት፣ ከላዩ ቦንቱ፤ ያው ዳገት። ጋሽ ጌጡ አቁሚ አላሉም፣ ሁሉንም አዩ። ቤዛብሕ ጠረጴዛው ጋ ሆኖ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው ተመኘ።

«ታውቅ ነበር አባዬ?»

«አውቅ ነበር።»

 ከፊት ለፊቱ ክፍል «የሲስተም ችግር ነው እኮ የኔ እናት» የሚል ድምፅ ይመጣል።

«እንዳላውቅ ነው የፈለግኸው?»

«ለብሰሽው እንድትደሰቺ ነው የፈለግሁት። ሌላ ምን አለኝ?» አሉ ጋሽ ጌጡ። ፀጋ እጇን አባቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ተናዳባቸዋለች፣ ታዝንላቸዋለች፣ ትወዳቸዋለች፤ ሦስቱም አንድ ላይ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«ቁረጠው» አለች በመጨረሻ። «ጥለቱን ቁረጠውና ነጩን ስጠኝ። ነጩንም አንተ ነህ የሠራኸው።»

ጋሽ ጌጡ ከጉድጓዱ ወጡ። ከሳጥኑ ውስጥ ለቀሚሱ የሸመኑትን፣ ገና ያልተሰፋውን የልጃቸውን ሸማ አወጡ፣ ምላጭ አነሱ፣ ክረምቱን ሙሉ የሠሩትን ዳገት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጠው ለዩት። የተቆረጠውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ነጩን ዘርግተው ልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት። አንዳች ነገር የሌለበት ጥሩ ነጭ ሸማ ነበር፤ በክፍሉ ሰባራ መስኮት የገባችው የመጨረሻ ብርሃን አረፈችበት፣ ፀጋም አማረባት።

ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ዓለምነሽ ስልኩን በመዳፋቸው አፍነው ብቅ ያሉት። በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፣ ዓይናቸው በራ። ቤዛብሕ አክስቱ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብሎ አሰበ፤ ለአንድ አፍታ ወደዳቸው።

«ኧረ ይሄ ግሩም ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያለ ጥለት። እነዚህን የተቆጡትን በዚህ ነው የምንክሳቸው። ለአንቺ ብቻ ብለን ብንልከው ማን ይከራከራል? ቤዛብሕ፣ ቶሎ በል ፎቶ አንሣትና ላክልኝ፣ እሷ እንዳትንቀሳቀስ።»

ፀጋ ሸማውን ደረቷ ላይ ሰበሰበችው። ጋሽ ጌጡ እህታቸውን አላዩም፤ ያዩት ቤዛብሕን ነው። ቤዛብሕ ስልኩን አነሳ፣ አጠፋው፣ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነ።

«ሲስተም የለም እትዬ» አለ።

 ይሄ ወይዘሮ ዓለምነሽ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲያድሉት የዋሉት መልስ ነበር። በመዳፋቸው ውስጥ የታፈነችው ሙሽራ «ሄሎ፣ ሄሎ» ትላለች።

«መቼ ነው የሚመጣው ታዲያ?» አሉ፣ ባንክ ወረፋ ላይ እንደቆመ ሰው።

ቤዛብሕ ከመመለሱ በፊት ጋሽ ጌጡ ቀደሙት።

«ከፀጋ ሠርግ በኋላ» አሉ፣ ሸማውን ከልጃቸው ትከሻ ተቀብለው እያጣጠፉ።